አንድ ሲሪንጅ ለአራት ቀን፦ የናቾዶኮፔሌ የኩፍኝ ክትባት ጉዳይ ከጅማ ሲታይ

ከሚያዝያ 24 እስከ 27 ቀን 2009 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን፣ ካፖኤታ ምሥራቅ በሚባለው አካባቢ፣ ናቾዶኮፔሌ በተባለች መንደር የኩፍኝ ክትባት ተሰጠ። አካባቢው ከኢትዮጵያና ከኬንያ ጋር የሚዋሰን የአርብቶ አደር አገር ነው። በአራቱ ቀናት 300 ያህል ሰው ተከተበ። ከነዚህ መካከል 15 ልጆች ሞቱ፤ አንዳቸውም አምስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሌሎች 32 ልጆች ትኩሳት፣ ትውከትና ተቅማጥ ይዟቸው ቆይተው ዳኑ።

የአገሪቱ የክትባት ደህንነት ኮሚቴ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ባለሙያዎች ታግዞ ጉዳዩን መረመረ። ውጤቱ ግንቦት 24 ቀን ይፋ ሆነ፦ ልጆቹን የገደላቸው በተበከለ ክትባት ምክንያት የመጣ ከባድ የደም መመረዝ ነው። ክትባቱ ወደ መንደሯ ከመሄዱ በፊት ችግር አልነበረበትም። መንደሯ ከደረሰ በኋላ ግን ሦስት ነገሮች ተበላሹ። ክትባቱን የሚበጠብጡበት ሲሪንጅ በየብልቃጡ መጣል ሲገባው አንዱ ብቻ አራቱን ቀን ሙሉ አገለገለ። ክትባቱ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት አራት ቀን ተቀመጠ። የከተቡትም ሰዎች ለሥራው ያልሠለጠኑ ነበሩ፤ የአገሪቱ የጤና ሚኒስትር እንደተናገሩት በቡድኑ ውስጥ የ12 ዓመት ልጆች ሳይቀሩ ነበሩበት።

ይህን ጉዳይ ጅማ ላይ ሆኖ ማንበብ የሚያስፈልገው ዕቃውም አሠራሩም አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። በጌራ ወይም በሴጠማ ገጠር ቀበሌ፣ ከጤና ኬላ ርቆ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ክትባት የሚሰጥ ባለሙያ በእጁ የሚይዘው ያንኑ በዱቄት መልክ ያለ የኩፍኝ ክትባት፣ ያንኑ መበጥበጫ ውሃ፣ ያንኑ ሲሪንጅ ነው። ስለዚህ እዚያ የተሳሳተው እጅ እዚህም ሊሳሳት ይችላል። እዚህ የሚያድነው ልማድም እዚያ ቢኖር ኖሮ ልጆቹን ባዳነ ነበር።

ብጥብጡ ላይ ምን ይሆናል?

የኩፍኝ ክትባት ሕይወት ያለው፣ ግን የተዳከመ ቫይረስ ነው። ደርቆ በዱቄት መልክ ይመጣል። በተለመደው ባለ10 ዶዝ ብልቃጥ ላይ 5 ሚሊ ሊትር መበጥበጫ ውሃ ይጨመርና ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ሚሊ ሊትር ከላይኛው ክንድ ቆዳ ሥር ይወጋል። ጤና ባለሙያዎች ዳይሉየንት የሚሉት ይህ ውሃ ከክትባቱ ጋር ከአንድ ፋብሪካ የመጣ መሆን አለበት። የሌላ ፋብሪካ ውሃ፣ የመድኃኒት ቤት መርፌ ውሃ ወይም ሳላይን አይተካውም። ከመበጥበጡ በፊትም ውሃው እንደ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሞቅ ያለ ውሃ ቫይረሱን ገና ሲነካው ይገድለዋል። በረዶ መሆን ደግሞ የለበትም፤ አምፑሉ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ሲሪንጁ እንምጣ። በአንድ የክትባት ቦታ ላይ ሁለት ዓይነት ሲሪንጅ አለ። አንዱ ልጁ የሚወጋበት፣ ኤዲ የሚባለው ነው። አንዴ ከተገፋ በኋላ ራሱን ይቆልፋል፤ ሁለተኛ ልሙላህ ቢሉት እሺ አይልም። ሌላው 5 ሚሊ ሊትር የሚይዘው መበጥበጫ ነው። በብዙ ቦታ የሚገኘው መበጥበጫ ሲሪንጅ ራሱን አይቆልፍም። የናቾዶኮፔሌ ጥፋት የገባው በዚህ በር ነው። ልጅ ስለማይነካ፣ ደም ስለማይነካ፣ «ንጹሕ ነው፣ ውሃ ብቻ ነው የያዘው» የሚል ሐሳብ በቀላሉ ይመጣል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። የመውጊያው ሲሪንጅ ቢበከል ጉዳቱ አንድ ልጅ ላይ ይቀራል። የመበጥበጫው ቢበከል ግን ጀርሙ ብልቃጡ ውስጥ ይገባና ለአሥሩም ልጅ ይከፋፈላል።

በቁጥር ስናየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ብልቃጦቹ ባለ10 ዶዝ ከሆኑ 300 ሰው ለመከተብ ቢያንስ 30 ብልቃጥ ይከፈታል። 30 ብልቃጥ ማለት 30 አምፑል መበጥበጫ ውሃና 30 መበጥበጫ ሲሪንጅ ማለት ነው። እዚያ የነበረው ግን አንድ ነው። ያ ሲሪንጅ በእጅ እየተያዘ፣ አራት ቀን ቆይቶ ደጋግሞ ብልቃጥ ውስጥ ገብቷል።

የኩፍኝ ክትባት ጀርም የሚከላከል ማቆያ ኬሚካል የለበትም። ቫይረሱ ሕያው ስለሆነ ማቆያው እሱንም ይገድለዋል። ከተበጠበጠ በኋላ አንዲት ባክቴሪያ ብትገባበት የሚያግዳት ነገር የለም። በተለይ በሰው ቆዳና አፍንጫ ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ሲራባ መርዝ ያመነጫል። ያ መርዝ የገባበት ልጅ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ትውከትና ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ በፍጥነት ካልታከመ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። የተበጠበጠ የኩፍኝ ክትባት በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ወይም የዕለቱ ክትባት ሲያልቅ፣ ከሁለቱ በቀደመው ጊዜ ይጣላል የሚለው ሕግ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስድስት ሰዓቱ ድርድር የለውም፤ ብልቃጡ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥም ያው ነው።

ሙቀቱ ሌላ ጉዳት አለው። ሙቀት ክትባቱን መርዝ አያደርገውም። የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው፦ የገባውን ጀርም ያራባል፣ ቫይረሱን ይገድላል። የተበጠበጠ የኩፍኝ ክትባት በ20 ዲግሪ አንድ ሰዓት ቢቆይ ግማሽ ያህል አቅሙን ያጣል፤ በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት ቢቆይ ምንም ያህል አይቀረውም። በክትባት ብልቃጥ ላይ የሚለጠፈው ቪቪኤም የሚባለው ምልክት፣ ክቡ ውስጥ ያለው አራት ማዕዘን እየጠቆረ ሲሄድ ሙቀት እንደነካው ይናገራል። ሆኖም ቪቪኤም የሚያየው ሙቀትን ብቻ ነው፤ ጀርም አያይም። በዱቄት ክትባት ላይ ደግሞ ምልክቱ የሚገኘው ክዳኑ ላይ ወይም አንገቱ ላይ በመሆኑ ብልቃጡ ከተከፈተ በኋላ ማስረጃ መሆኑ ያበቃል። «ቪቪኤሙ ጥሩ ነው» ብሎ የትናንት ብልቃጥ መጠቀም አይቻልም።

ጅማ ዙሪያ ይህ ስሕተት ከየት ሊመጣ ይችላል?

እዚህ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሠለጠኑ ናቸው፤ ያ ትልቅ ልዩነት ነው። ሆኖም ሥልጠና ያለው ሰውም የሚፈተንበት ቦታ አለ። ፈተናው በአብዛኛው የሚመጣው ዶዝ እንዳይባክን ከማሰብ ነው።

የቡና ለቀማ ወቅትን እንውሰድ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እናቶች ልጅ አዝለው ቡና ውስጥ ይውላሉ። ክትባት በተቀጠረበት ቀን አሥር ልጅ ይጠበቅ የነበረበት ቦታ ሦስት ይመጣል። ብልቃጡ ተከፍቶ ሦስቱ ይከተባሉ፤ ሰባት ዶዝ ይተርፋል። ከሰዓት በኋላ ወይም በማግሥቱ ሌላ ጎጥ መሄድ አለ። ሰባት ዶዝ መጣል ያማል፤ ያውም መንገዱ በጭቃ፣ ዕቃው በጀርባ ተይዞ የመጣ ከሆነ። እዚህ ላይ ነው ብልቃጡ ወደ ክትባት መያዣው ሣጥን ተመልሶ ለነገ የሚተርፈው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ሌላ ትክክለኛ ሕግ አለ። ፔንታ የሚባለው ክትባት ፈሳሽ ሆኖ ስለሚመጣና ማቆያ ኬሚካል ስላለው፣ በሥርዓቱ ከተያዘ የተከፈተ ብልቃጡ እስከ 28 ቀን ሊያገለግል ይችላል። ሠራተኛዋ ጠዋት ያንን በትክክል ታደርጋለች፤ ከሰዓት ደግሞ በዚያው እጅ የኩፍኙን ትጥላለች። ሁለቱ አንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የተከፈተበትን ሰዓት ብልቃጡ ላይ በብዕር መጻፍ የግድ ነው። ሰዓት ያልተጻፈበት የተከፈተ የኩፍኝ ወይም የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) ብልቃጥ ከተገኘ ቆይታው መጠየቅ የለበትም፤ ይጣላል።

ከዕቃ አቅርቦት በኩል የሚመጣውም አለ። ክትባቱ ከአዲስ አበባ በመድኃኒት አቅራቢው የጅማ ቅርንጫፍ በኩል ወደ ወረዳና ጤና ጣቢያ ሲወርድ ዱቄቱ፣ ውሃው፣ መበጥበጫውና መውጊያው ተመጣጥኖ መሄድ አለበት። ለ40 ልጅ የሚወጣ ቡድን ቢያንስ 4 ብልቃጥ፣ 4 ዳይሉየንት፣ 4 መበጥበጫ ሲሪንጅና 40 ኤዲ ሲሪንጅ ይይዛል፤ ትርፍ ታሳቢ ሲሆን ከዚህም በላይ። ጠዋት ከጤና ጣቢያ ሲወጣ ብልቃጥ 6፣ መበጥበጫ ሲሪንጅ 3 ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሲሪንጅ ሁለት ብልቃጥ መበጥበጡ የማይቀር ነው። ያ ጥፋት የተወለደው ጠዋት ዕቃ ሲቆጠር ነው። ስለዚህ ከሁሉ ርካሹ መከላከያ፣ መኪናው ወይም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ብልቃጡን፣ መበጥበጫ ውሃውንና መበጥበጫ ሲሪንጁን ጎን ለጎን ደርድሮ መቁጠር ነው። ሲሪንጅ ካነሰ ብልቃጥ ይቀነሳል።

ስለ ፍሪጅም አንድ ነገር መባል አለበት። በ2010 ዓ.ም. ክረምት በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴት አገር በሳሞአ ሁለት ሕፃናት ክትባት በተወጉ በደቂቃዎች ውስጥ ሞቱ። ነርሶቹ ዱቄቱን የበጠበጡት በመበጥበጫ ውሃ ፋንታ ጊዜው ባለፈበት የማደንዘዣ መድኃኒት ነበር። በሶርያ ኢድሊብ በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ላይም እንዲሁ ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት እንደ መበጥበጫ ተወስዶ 15 ልጆች ሞተዋል። ትንንሽ የመስታወት አምፑሎች ይመሳሰላሉ። የክትባት ፍሪጅ ውስጥ የማደንዘዣም፣ ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒትም፣ ምሳም አይቀመጥም። ጠባብ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይህን ማስከበር ከባድ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ቸል የሚባልበት መንገድ የለም።

መርማሪ ምክንያቱን የሚለየው እንዴት ነው?

ከክትባት በኋላ የመጣ በሽታ ሁሉ ከክትባት የመጣ አይደለም። ደግሞ ሁሉንም «አጋጣሚ ነው» ማለትም አይቻልም። መርማሪዎች አምስት ነገር ያስባሉ፦ የክትባቱ የራሱ ባሕርይ፣ የፋብሪካ ጉድለት፣ የአሰጣጥ ስሕተት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት የሚመጣ ራስ መሳት፣ እና ያለ ክትባቱም ሊመጣ የነበረ በሽታ።

ናቾዶኮፔሌ ላይ መልሱን ከጠቆሙት ነገሮች አንዱ ጊዜው ነው። የኩፍኝ ክትባት በራሱ ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል፤ ከመቶ ልጅ ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ያተኩሳቸዋል። ግን ያ ትኩሳት የሚመጣው ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከተራባ በኋላ፣ በስድስተኛው ቀንና በአሥራ ሁለተኛው ቀን መካከል ነው። በተከተበበት ሌሊት የጀመረ ኃይለኛ ትኩሳትና ትውከት የኩፍኝ ክትባት ጠባይ አይደለም። ወዲያው ሌላ ነገር መፈለግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቦታው ነው። ያው ዘመቻ በአገሪቱ ሌሎች አካባቢዎችም ይካሄድ ነበር። የፋብሪካ ጉድለት ቢሆን ያው የምርት መለያ ቁጥር ያለው ክትባት በተሰጠበት ሁሉ ልጆች ይታመሙ ነበር። በአንድ መንደር፣ በአንድ ቡድን እጅ የተከተቡ ብቻ ሲታመሙ ዓይን የሚሄደው ወደ አሰጣጡ ነው። በሠፈሩ ያልተከተቡ ልጆችም በእኩል መጠን ታመው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ወደ ወረርሽኝ በተኬደ ነበር። ስለዚህ ጥሩ መርማሪ ያልተከተቡትንም ቤት ያንኳኳል።

በተናጠል መነገር ያለበት አናፊላክሲስ ነው፤ ይህ የክትባቱ የራሱ ባሕርይ የሚያመጣው፣ እጅግ ጥቂት፣ ከሚሊዮን ዶዝ በጥቂቶች የሚቆጠር የአለርጂ ድንጋጤ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፦ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ መዝለፍለፍ። እናቶች ከክትባት በኋላ 15 እስከ 30 ደቂቃ ቆዩ የሚባሉት ለዚህ ነው። በሣጥኑ ውስጥ 1 ለ 1000 የሆነ አድሬናሊን መኖር አለበት፤ 9 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ መጠኑ 0.1 ሚሊ ሊትር ያህል ሆኖ ጭኑ ጡንቻ ላይ ይወጋል። ቡድኑ ጠዋት ሲወጣ አድሬናሊኑ ጊዜው እንዳላለፈበት ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ለሕዝቡ ምን ተነገረ፣ ምን ይነገር?

የደቡብ ሱዳን መግለጫ አንድ ትልቅ ነገር በትክክል አድርጓል፦ ስሕተቱን በስሙ ጠርቷል። ሲሪንጁን፣ ማቀዝቀዣ ያልነበረውን ቤት፣ ያልሠለጠኑትን ሠራተኞች አንድ በአንድ አስቀምጧል። እናት የምትፈልገው ይህን ነው። «ክትባት ደህና ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ልጇን ላጣች ወይም ጎረቤቷ ላጣባት ሴት ምንም አይነግራትም። የሆነውን በዓይኗ አይታዋለች። «ክትባቱ ጤነኛ ነበር፣ የተበጠበጠበት መንገድ ገዳይ ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ይደረጋል» ቢባል ግን የምትመዝነው ነገር ይኖራታል።

ይህ ሳይሆን ሲቀር የሚከተለውን ሳሞአ አሳይታለች። ከሁለቱ ሕፃናት ሞት በኋላ የክትባት መርሐ ግብሩ ለወራት ቆመ፣ ወላጆችም ፈሩ፣ የኩፍኝ ክትባት ሽፋን ወደ 31 በመቶ ገደማ ወረደ። በ2012 ዓ.ም. ኩፍኝ ገባ፤ ከ5,700 በላይ ሰው ታመመ፣ 83 ሞቱ፣ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ነበሩ። በስሕተቱ የሞቱት ሁለት ናቸው። ከዝምታውና ከፍርሃቱ በኋላ የመጣው ግን ይህ ነው።

ጅማ ውስጥ ወሬ የሚሄድበት መንገድ ይታወቃል። ጠዋት ጤና ኬላ የሆነ ነገር እስከ ቀትር በገበያ፣ እስከ ማታ በቡና ጠጪ ጎረቤት ዘንድ ይዳረሳል። የጤና ቢሮው መግለጫ ሳምንት ቆይቶ በሬዲዮ ቢመጣ ወሬው ከዚያ በፊት ሥር ሰዷል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ መልስ ባይኖርም የሚነገር ነገር አለ፦ የታመሙት ስንት እንደሆኑ፣ የት እየታከሙ እንደሆነ፣ ምርመራው በማን እንደተጀመረ፣ ቀጣዩ ዜና በየትኛው ቀን እንደሚመጣ። ይህ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ በእድሩ፣ በመስጊዱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ ሕዝቡ በሚያውቀው ሰው አፍ መነገር አለበት። ቀጠሮ የተሰጠበት ቀን ሲደርስ ደግሞ አዲስ ነገር ባይኖርም መናገር ግድ ነው፤ ቀጠሮ አፍርሶ የጠፋ ተናጋሪን ሁለተኛ የሚሰማው የለም።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ችግር ከመድረሱ በፊት በየዕለቱ የሚደረገው ነው። ብልቃጡ እናቶች እያዩት ይከፈት። መበጥበጫው ሲሪንጅ ከታሸገበት ፓኬት ፊታቸው ይውጣ፣ ሥራውን ሲጨርስ ፊታቸው ያገለገለ ሲሪንጅ ወደሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ይግባ። ሰዓቱ ጮክ ተብሎ እየተነገረ ይጻፍ። የተረፈው ሲጣልም ለምን እንደሚጣል ይነገር፤ «ይህ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ ነው የሚያገለግለው፣ ከዚያ በኋላ ለልጅ አይሰጥም።» ዶዝ ሲጣል ያየች እናት ስለ ክትባት ደህንነት ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ ታውቃለች። ወላጅም መጠየቅ ይችላል፦ መቼ ነው የተከፈተው? ሲሪንጁ አዲስ ነው? ጥያቄውን እንደ ድፍረት የሚቆጥር ባለሙያ ሥራውን አላወቀም።

ከመውጋት በኋላ ለእናት የሚባለው አጭር ነው፣ ግን መዘለል የለበትም፦

«እህቴ፣ ዛሬ የተሰጣት የኩፍኝ ክትባት ነው። ዛሬና ነገ የተወጋችበት ትንሽ ሊያማት ይችላል። ትኩሳት ወይም ሽፍታ ቢመጣ ከስድስት ቀን ወዲያ ነው፣ በሁለት በሦስት ቀን ይለቃታል። ዛሬ ማታ ወይም ነገ በኃይል ካተኮሳት፣ ካስመለሳት ወይም ካስቀመጣት ግን እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ወደ ጤና ጣቢያ አምጫት። ካርዱን አትጣዪ፣ ቀጣዩ 15 ወር ሲሞላት ነው።»

ጥርጣሬ በደረሰበት ቀን

መጀመሪያ ልጁ ይታከም፤ የከበደ ከሆነ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይላክ። ከዚያ ምንም ነገር እንዳይጣል። የተከፈቱት ብልቃጦች፣ የውሃ አምፑሎች፣ ያልተከፈቱትም በቅዝቃዜ እንዳሉ ይቀመጡ፤ ሴፍቲ ቦክሱ አይቃጠል። የክትባቱም የመበጥበጫ ውሃውም መለያ ቁጥር፣ የተከተቡት ልጆች ስም ዝርዝር፣ ብልቃጡ የተከፈተበት ሰዓት ይጻፍ። ከባድ ጉዳይ ወዲያውኑ ለወረዳውና ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይነገራል፤ የባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው፣ ወላጅም ሊደውልበት ይችላል። ምርመራው 48 ሰዓት ሳይሞላ መጀመር አለበት፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ብልቃጡም ይጠፋል፣ ሰውም ይረሳል። በዚያ ቡድን እጅ ያለው ክትባት እስኪጣራ ይቁም፤ የዞኑን ክትባት በሙሉ ማቆም ግን ሌሎች ልጆችን ለኩፍኝ ማጋለጥ ነው።

ሠራተኛዋ ፊት ለፊት ስትጠየቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ከሆነ እውነቱ ይደበቃል። «ጠዋት ስንት መበጥበጫ ሲሪንጅ ተሰጠሽ?» ብሎ መጀመር ይሻላል። መልሱ ብዙ ጊዜ ከእሷ አልፎ ወደ መጋዘኑ ይሄዳል።

በመጨረሻም የዳኑት ልጆች አሉ። በሙቀት ከተጎዳ ብልቃጥ የተከተበ ልጅ ባይታመምም ከኩፍኝ አልተጠበቀም። ክትባቱ አቅሙን ማጣቱ ከተረጋገጠ ቢያንስ አራት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ይከተባል። ለዚህ ሲጠሩ እናቶቹ የመጀመሪያው ለምን እንደማይቆጠር አስቀድሞ፣ ቤታቸው ድረስ ተሄዶ ይነገራቸዋል።